የንብረት ቆጠራ

ታዝዤ መጣሁኝ፤ በኋላው በር ገባሁ፣
ካርቦንና እርሳስ፣ ባትሪም ይዣለሁ።
"ቶሎ በል" አሉኝ ቁልፉን ሲያቀብሉ፣ "ገዢው ቸኩሏል፤
ዶዘሩ በጠዋት ቱሉ ዲምቱ ደርሷል።"

አቃቂ፣ ክር ፋብሪካ፣ መጋዘን ቁጥር ሦስት።
መፍተያ መኪና፦ አርባ ሁለት፤ ዝገት የለበሰ።
ቀሰም፦ ሦስት ሣጥን፤ አይጥ የጨረሰ።
ጥቅል ድር፦ አንድ፤ ማግ ሲጠብቅ ኖሮ ተስፋውን የበጠሰ።
(ይህን የመጨረሻውን ሠረዝኩት። የመንግሥት ወረቀት ነው።)

ከድሩ ጀርባ በር አለ፤ ከበሩ በላይ ሰሌዳ፤
"የሠራተኞች ባን" ይላል፤ "ድ"ዋን በልቷታል ምስጥ።
ከፈትኩት። አቧራው ተነሣ፣ እንግዳ እንደመጣበት ሰው፣ ድንግጥ።

ከበሮ፣ በእግር የሚመታ፦ አንድ፤ ቆዳው የተቀደደ።
አኮርዲዮን፦ አንድ፤ ትንፋሽ ያጠረው።
ትሮምቦን፦ አንድ፤ ክርኑ አልዘረጋ ያለ።
ማይክሮፎን፦ አንድ፤ የእልፍነሽ የከንፈር ቀለም ያለበት።
"ሁኔታ" በሚለው ዓምድ ምን ልጻፍበት?
"ያገለገለ" አልኩት።

እልፍነሽን አውቃታለሁ። ልጅ ሆኜ፣ ለአባቴ ቁርስ ሳደርስ፣
በር ላይ አያት ነበር ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ፤
ጥጥ ፀጉሯ ላይ፣ ጥጥ ሽፋሽፍቷ ላይ፣ በሃያ ዓመቷ ሸብታ፤
ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ግን
ልጅነቷ ይመለሳል፣ በአንድ ጣሳ ውሃ፣ በአንድ አፍታ።

ቱፋ ከገላን ይመጣል በብስክሌት፣ ጥሩምባውን እንደ ሕፃን አዝሎ፤
ጉደታ ከቦይለሩ ሥር፣ ፊቱ ከሰል መስሎ።
ከበሮው ላይ ሳይቀመጥ እጁን በጋዝ ይታጠባል፤
"ቆዳ ቅባት አይወድም" ይላል።

ሸክላው የመጣው ያኔ ነው።
ማሽን ሊተክል የመጣ ፈረንጅ ትቶት ሄደ፣ ከአሮጌ ጫማው ጋር፤
ከዲትሮይት ነው አሉ፣ መኪና እንደ ዳቦ ከሚጋገርበት አገር።
ክበቡ ውስጥ ከበው ሰሙት፣ ሌሊቱን፣ ቃሉ ሳይገባቸው፤
ጉደታ ግን መርፌውን አነሣና እንዲህ አላቸው፦
"ይኼ ሰው ከበሮ ከመምህር አልተማረም። ፋብሪካ ነው ያሳደገው።
እግሩን ስሙት፤ ብረት የሚቀጠቅጥ መዶሻ ነው።
እጁን ስሙት፤ ሰንሰለት ላይ ብሎን የሚያጠብቅ ነው።
እኛ መኪና አንሠራም። እኛ መወርወሪያ ነው ያለን።
ከሱ ኋላ ምን አስሮጠን?"

ከዚያ ወዲያ ምታቸው የመወርወሪያ ሆነ፤ መሄድ መመለስ፣ መሄድ መመለስ፤
ጥሩምባው ድር ሲዘረጋ፣ የእልፍነሽ ባቲ ማግ ሆኖ ሲመላለስ።
ቅዳሜ ማታ፣ መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም።
ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ የዋለ እግር
አይጨፍርም ያለ ማነው? እሱ ነበር ወለሉን የሚሰብር።
የጅቡቲ ባቡር እንኳ፣ ጣቢያው ጋ ሲደርስ፣ ሊሰማ ቀስ የሚል ይመስል ነበር።
እሷም እንዲህ ትል ነበር፦

"ሸክላ ነሽ ይሉኛል፣ ወድቄ እንዳልሰበር፤
መርፌው ባይወጋኝማ፣ መች እናገር ነበር?"

አሁን የት ናቸው? ቱፋን አንዱ ዱከም አለኝ፣ ሌላው ሞተ አለኝ፤ አላጣራሁም።
ዲትሮይትም ብዙው ጭስ ጠፍቷል ይላሉ፤ እሱንም አላየሁም።
የማየው ይኸው ነው። ሸክላ፦ አንድ፤ ጠርዙ የተሸረፈ፣
በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ ሆኖ የትም ያልተጻፈ።
ደንቡ ግልጽ ነው፤ ያልገባ ዕቃ አይወጣም።
ኮቴ ውስጥ ስከተው ማንም አልጠየቀኝም፤
እኔም።

በመጨረሻው መሳቢያ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፦
የጥሩምባ አፍ፦ አንድ።
ጥሩምባው፦ የለም።

መንፋት አልችልም። እንዲያው በመሐረቤ ጠርጌ፣
ከንፈሬ ላይ አድርጌ፣
ነፋሁት። እናቷ የጠፋባት ጥጃ ወጣችው፤ ሌላ ምንም።

ውጭ፣ ዘበኛው ጋሽ ዋቅጅራ፣ ለወትሮው ጆሮው የማይሰማ፣
ከእንቅልፉ ብድግ አለ። ቆቡን አቀና።
እየሮጠ ሄዶ የትልቁን በር መወርወሪያ ሳበና፣
"ግቡ!" አለ ለመንገዱ፤ "ፈረቃ ደርሷል፣ ግቡ!"

በሩ እስከ ግንቡ ተከፈተ።
ከማዶ ዶዘሩ ቆሟል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።